ከእባቡ በፊት ሣጥኑ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች አንድ እባብ ለማሳደግ መዘጋጀታችንን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁ «እሰይ» ብላችሁናል፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከእንግዲህ በበራችን እንደማታልፉ ነግራችሁናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አንፈርድባችሁም። በአፈ ታሪካችን ሕዝቡን ግብር ሲያስከፍል የኖረ አርዌ የሚባል እባብ አለ፤ አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸውም ዘንዶ ነው ይባላል። እንግዲህ ይኸ ፍጥረት በአገራችን ሲፈራም ሲከበርም የኖረ ነው። ዛሬ ግን የምንናገረው ስለ እባቡ ሳይሆን ስለሚገባበት ሣጥን ነው። ምክንያቱም ከመካከላችን «እባቡ በዚህ ሳምንት በካርቶን ይምጣ፤ ቤቱን ቀስ ብለን እናዘጋጅለታለን» የሚሉ ጓደኞች ስላሉ፥ ይኸ አሳብ ለምን እንደማይሆን በግልጽ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሣጥኑ አሮጌ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፥ የብዙ ሱቅ ዕቃ እጅ ለእጅ ተላልፎ ነበር። እኛም ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ከአንድ ዕቃ ሻጭ የወርቅ ቤት መደርደሪያ የነበረ የመስታወት ሣጥን ገዛን። ቁመቱ 120፥ ወርዱ 45፥ ከፍታው 50 ሳንቲሜትር ነው። ለሁለት ተሸክመን ያን አቀበት ስንወጣ መንገደኛው ሁሉ ሙሽራ ያለን መስሎት ሲመርቀን ነበር፤ ሙሽራው ማን እንደ ሆነ አልነገርነውም።

በዚያ አደባባይ ላይ የቆመውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ እዚያ የቆመው አምሳያው ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት እውነተኛው መድፍ መቅደላ ላይ ነው። ለዓይን የሚመስል ሁሉ ነገሩ ራሱ አይደለም። ሣጥናችንም እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ንጹሕ ይመስላል ማለትና ንጹሕ ነው ማለት ይለያያሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «እባቡ ምን ዓይነት ነው?» የሚል ነው። በአገራችን እንደ እፉኝት፥ እንደ ኮብራና እንደ ጥቁር ማምባ ያሉ ገዳይ እባቦች አሉ። እኛ የመረጥነው ቡናማውን የቤት እባብ ነው፤ መርዝ የለውም፤ አይጥ ይበላል፤ በራሱ ግራና ቀኝ ፈዘዝ ያሉ መስመሮች አሉበት። ሆኖም ከመሬት በታች የሚኖሩ፥ መልካቸው ምንም የማይጎዳ የሚመስል፥ ግን ወደ ጎን የሚነድፉ መርዘኞች ስላሉ፥ የሚያውቅ መምህር ሳያየው ማንም አይነካውም። እንዲሁም በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነውና፥ ፈቃዱ ሳይገኝ እባቡ አይመጣም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጽዳት ነው። በሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ቀይ ከፋይ ቀድደን ጣልነው፤ ወለሉ የነበረውንም ኮምፔንሳቶ ነቀልነው። እርጥበትና ቆሻሻ የጠጣ እንጨት በማጠብ አይጠራምና። በምትኩ የሚወለወል የሸክላ ንጣፍ አደረግን። በእባብ ላይ የሚራባ፥ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ፥ ደም የሚመጥ ቅንቅን መሰል ተባይ አለ፤ በየስንጥቁ እንቁላል ይጥላል፤ ያለ ምግብም ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሙቅ ውኃና በሳሙና እያንዳንዱን ማዕዘን በጥርስ ብሩሽ ፈተግን። ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለን ቀባነው፤ አሥር ደቂቃ ካቆየነው በኋላ ደጋግመን አጠብነው፤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም ፀሐይ ላይ ተውነው። በመስታወቱ ላይ የደረቀ የውኃ እድፍ በኮምጣጤ ይለቃል፤ ነገር ግን ኮምጣጤና በረኪና ቢገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ስለሚወጣ፥ አንዱ ፈጽሞ ሳይታጠብ ሌላው እንዳይነካ ይሁን። ፍሊት መርጨትም አይገባም፤ ተባዩን የሚገድል መርዝ እባቡንም ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ቀዳዳ ነው። የእባብ ራስ ባለፈበት አካሉ ሁሉ ያልፋል። የወርቅ ቤት ሣጥን ደግሞ ሁለት ተንሸራታች መስታወቶች አሉት፤ በመካከላቸው ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረ። ይኸ ክፍተት ለቀለበት ምንም አይደለም፤ ለቀጭን እባብ ግን ሰፊ በር ነው። በሲሊኮንና በቀጭን ላስቲክ ዘጋነው፤ ቁልፍም አበጀንለት። አየር እንዲገባ በሁለቱም ጎን ትንንሽ ቀዳዳ በስተን በሽቦ ወንፊት ሸፈንን። ሲሊኮኑ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ቀናት ይፈልጋል። እባቡ በካርቶን ይምጣ የሚሉ ጓደኞቻችን ይኸን ያስቡልን፤ ካርቶን በአንድ ሌሊት ይከፈታል፤ በማግስቱ የሚያመልጠው እባቡ፥ የሚሸበረው ማደሪያው ሁሉ፥ በዱላ የሚሞተውም ያው ምንም ያላጠፋ እባብ ነው።

አራተኛው ሙቀት ነው። እባብ ሙቀቱን ከአካባቢው የሚያገኝ ፍጥረት ነው፤ ካልሞቀው የበላውን መፍጨት አይችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ብርድ ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ወለል አንድ ሦስተኛው ብቻ ከሥሩ እንዲሞቅ አድርገናል፤ በዚያ በኩል 30፥ በሌላው በኩል 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንዲሆን። እባቡ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው፥ ሲበርደው ወደ ሞቃቱ ራሱ ይሄዳል። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት አይሠራም፤ እባብ እየተቃጠለም ላይነሣ ይችላልና። መብራት ሲጠፋ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ይገባለታል። ሣጥኑንም በመስኮት አጠገብ አናኖርም፤ ፀሐይ በመስታወት ስትገባ ሣጥኑን ምድጃ ታደርገዋለች።

የቤት ዕቃውስ? ከታች ጋዜጣ ይነጠፋል፤ ሲቆሽሽ ይለወጣል። የጥድ ፍቅፋቂ ለእኛ ቢሸትተንም ዘይቱ የእባብን ሳንባ ስለሚጎዳ አይገባም። መደበቂያ እንዲሆኑት ሁለት የተሰበሩ የሸክላ ድስቶች አግኝተን ስለታቸውን ሞርደን ደፋንለት፤ አንዱ በሙቁ፥ አንዱ በቀዝቃዛው በኩል። መደበቂያ የሌለው እባብ ይጨነቃል፤ የተጨነቀ እባብም አይበላም። የማይገለበጥ የውኃ ገበቴም አለው። ወተት አናቀርብለትም፤ እባብ ወተት ይወዳል የሚባለው ተረት ነው። በመንገድ የተያዘ አይጥም አይሰጠውም፤ የአይጥ መርዝ የበላ ሊሆን ይችላልና። እርሱን ወይም ሣጥኑን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ቀርቶናል። አንድ ጓደኛችን «ሰው ቤቱ ፈርሶበት በሄደበት ሰፈር ለእባብ ቤት ትሠራላችሁን?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የምንመልሰው ግን ይኸ ነው። በዱር ያለ እባብ ከማንም ምንም አይፈልግም፤ ፀሐዩንም ጉድጓዱንም ራሱ ያገኛል። በመስታወት የዘጋነው ዕለት ግን ይኸን ሁሉ ወስደንበታልና ዕዳው የእኛ ነው፤ ዕዳውን ለመክፈል የማይችል ባይዘው ይሻላል። ደግሞም ሥራው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በእባብ መርዝ ይሞታሉ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ጉዳዩን ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል አስገብቶታል። የሚሞተው በአብዛኛው በባዶ እግሩ የሚያርሰው ገበሬና ልጁ ነው። ነገ በየገጠሩ አስተማሪና ሐኪም የምንሆነው እኛ፥ መርዘኛውን ከማይጎዳው ለይተን ካላወቅን ለዚያ ገበሬ ምን እንነግረዋለን?

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ሣጥኑ ባዶውን አሥራ አምስት ቀን ይቆይ፤ በየጧቱና በየማታው ሙቀቱ ይመዝገብ። በዕረፍት ጊዜ ማን እንደሚጠብቀው ስሙ ተጽፎ ይለጠፍ። ፈቃዱ በእጃችን ይግባ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል እባቡ አይመጣም፤ ሣጥኑንም ለደረቁ ናሙናዎች መደርደሪያ እናደርገዋለን። ሦስቱም ከተሟሉ ግን እንግዳችንን እንቀበላለን፤ በበራችን አናልፍም ያላችሁትም በመስታወቱ ማዶ ሆናችሁ እንድታዩት ከወዲሁ እንጋብዛችኋለን።