ከብድሩ በፊት ብልሽቱን እንወቅ
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ ባለፈው ኅዳር ስለጠገንነው ተጎታች ቤት ነው። ርእሱ ለሴቶች ስብሰባ እንግዳ የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በዴንቨርና በኦሮራ የቤት ኪራይ ከናረ ወዲህ ትሬለር ገዝተው ቤታቸው ያደረጉ ወገኖች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከአባሎቻችን አንዷም እንዲሁ ናት። ስሟን ሳልጠራ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

ትሬለሩ አንድ ተንሸራታች ክፍል አለው። እዚህ አገር ስላይድ ይሉታል። ቤቱ ሲቆም ቁልፍ ይጫኑና የግድግዳው አንድ ጎን ከነሶፋው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ውስጡም ይሰፋል። ከመጎተቱ በፊት ግን ክፍሉ ተመልሶ መግባት አለበት። ካልገባ ትሬለሩ ከመንገዱ መስመር ስለሚያልፍ ማንም ሊጎትተው አይችልም።

እህታችን የቆመችበትን ቦታ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ተነግሯት ነበር። ክፍሉን ለማስገባት ቁልፉን ስትጫን ሞተሩ ትንሽ ያጉረመርምና ጸጥ ይላል። አንድ ጋራዥ ሁሉም ነገር መቀየር አለበት ብሎ ከሁለት ወር የቦታ ኪራይዋ የሚበልጥ ዋጋ ጠየቃት። ቀጠሮ የሰጣትም ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ብድር ፈልጋ ወደ ማኅበሩ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

በብድር ኮሚቴው ውስጥ አንዲት እናታችን “ገንዘቡን ከመስጠታችን በፊት ምኑ እንደተበላሸ ለምን አናውቅም?” አሉ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች አንድ ጥያቄ የመጣ ነው። ሦስት ሆነን ሄድን። አንዷ የከባድ መኪና ሹፌር ናት፤ አንዷ ቴስተር አላት፤ እኔ ደግሞ የትሬለሩን መመሪያ መጽሐፍ አንብቤ ነበር።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር ልንገራችሁ። ክፍሉን የሚገፋው በ12 ቮልት የሚሠራ ሞተር ነው። ሞተሩ ማርሽ ያዞራል፤ ማርሹ ከወለሉ ሥር ያለውን ረጅም ዘንግ ያዞራል፤ በዘንጉ ጫፎች ያሉት ጥርሶችም ክፍሉን ተሸክሞ የሚንሸራተተውን ጥርሳም ብረት ይገፋሉ። ቁልፉ ወደ ማስገቢያ ሲጫን ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወደ ማስወጫ ሲጫን ይገለበጣል።

ከሞተሩ ጀርባ ፍሬን አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የመኪና ፍሬን የሚይዘው ስንረግጠው ነው፤ የዚህኛው ግን ተቃራኒ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ ስፕሪንግ ገፍቶት አጥብቆ ይይዛል። ቁልፉ ሲጫን ውስጡ ያለው ማግኔት ይስበውና ይለቃል። ክፍሉ መንገድ ላይ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ይኸው ፍሬን ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሕመም አለው፤ አንዱ አልለቅም ማለት፣ ሌላው አልይዝም ማለት ነው። የእህታችን ትሬለር ሁለቱም ነበሩበት።

ሥራውን የጀመርነው ከጥንቃቄ ነው። ጎማዎቹን በታኮ አገድን። ክፍሉ በሚሄድበት መስመር ላይ ማንም እንዳይቆም አደረግን፤ ሕፃናትም ወደ ጎረቤት ሄዱ። ሽቦ ከመንካታችን በፊት ሁልጊዜ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈታን፤ ከውጭ የሚመጣውን የመብራት ገመድም ነቀልን። ባትሪውን መፍታት ብቻውን አይበቃም፤ ከውጭ የሚገባው መብራት በቻርጀሩ በኩል ወደ 12 ቮልት ተለውጦ ያንኑ ሽቦ ይመግባልና።

ከዚያ በኋላ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሄደ።

አንደኛ፣ ባትሪ። ቻርጀር ያልተሰካበት ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ወደ 12 የወረደ ከሆነ መሞላት አለበት። በኮሎራዶ ብርድ ይህን ማየት ግዴታ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ የተለመደው የአሲድ ባትሪ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእኛው ደህና ነበር። ቁልፉ ተጭኖ ሳለም ከ11 ቮልት በታች አልወረደም።

ሁለተኛ፣ ፊውዝ። በዚህ ትሬለር ላይ ያለው ሲግል ራሱን የሚቆርጥ፣ ሲበርድ ራሱን የሚመልስ ዓይነት ነው። ሞተሩ አጉረምርሞ ጸጥ የሚለው እሱ እየቆረጠበት እንደሆነ ገባን። ይህ ማለት ኤሌክትሪኩ አልጠፋም፤ ሞተሩ አንድ ነገር ይዞት እየታገለ ከልኩ በላይ እየሳበ ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ጋ ያለው ቮልት። ቴስተሩን ሞተሩ ላይ በሚሰካው ሽቦ ላይ አድርገን ቁልፉን አስጫንን። ኤሌክትሪኩ በሁለቱም አቅጣጫ ይደርሳል። ስለዚህ ቁልፉም ዋናው ሽቦም ጤነኞች ናቸው።

አራተኛ፣ የያዘው ማነው? መመሪያው እንደሚያሳየው ፍሬኑ በእጅ የሚፈታበት ትንሽ ማንሻ አለው። እሱን ፈትተን በመዘወሪያ ስናዞር ክፍሉ ያለ ችግር ተንቀሳቀሰ። ማርሹም ጥርሱም ደህና ናቸው ማለት ነው። ማንሻው እንደተፈታ ቁልፉን ለአፍታ ስንነካው ደግሞ ሞተሩ ዞረ። ሞቷል የተባለው ሞተር አልሞተም ነበር፤ የያዘው ፍሬኑ ነው።

ጤነኛ ፍሬን ቁልፉ ሲጫን ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ይኸኛው ዝም ብሏል። ወደ ፍሬኑ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ ተከትለን ስንሄድ መገናኛዋ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ተበልቶ አገኘነው። በክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዳችን ላይ የሚረጨው ማግኒዚየም ክሎራይድ ከሥር ያለውን ሽቦ እንዲህ ያደርጋል። የተበላውን ቆርጠን፣ የሚያበራ መዳብ እስክናገኝ ልጠን፣ በአዲስ መገናኛ አጥብቀን፣ በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ሸፈንነው። መብራቱን መልሰን ቁልፉ ሲጫን “ቀጭ!” አለ። ክፍሉም ገባ። እልል ያለችው ሹፌሯ ናት።

ደስታችን ግን ሙሉ አልነበረም። ቁልፉን ስንለቅ ክፍሉ አንድ ጣት ያህል ተመልሶ ይወጣል። ሞተሩ ያልተለቀቀ ፍሬን ላይ ሲታገል ስለከረመ የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ለዚያ ሞዴል ፍሬን ለብቻው አይሸጥም፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። በመጀመሪያ ክፍሉ እንዳይወጣ ከውስጥ የሚወጠሩ የጉዞ ዘንጎች ተገዝተው ታሰሩ፤ ትሬለሩም ቀኑ ሳያልፍ ወደ አዲሱ ቦታ ተዛወረ። ከዚያ ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር አዲሱን አዘዝን።

ሞተር ስትፈቱ ይህን አትርሱ፦ ፍሬኑ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ሲወርድ ክፍሉን የሚይዝ ነገር የለም። እኛ ዘንጎቹን ሳንፈታ፣ ትሬለሩንም በውሃ ልክ አስተካክለን ነው ብሎኖቹን የነካነው። አዲሱ ከታሰረ በኋላ ዘንጎቹን አንስተን ክፍሉ ሲገባ የግራና የቀኙ ርቀት እኩል መሆኑን በሜትር ለካን። አንዱ ጎን ከቀደመ ክፍሉ ይጣመማል፤ ጎማውም ውሃ ያስገባል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክፍሉን በእጅ ካስገባችሁ በኋላ የፍሬኑን ማንሻ ወደ ቦታው ሳትመልሱ እንዳትነሱ። የተፈታ ፍሬን ይዞ መንገድ መውጣት ግድግዳን በሌላው መኪና መስመር ላይ መልቀቅ ነው።

ሁሉንም ራሳችን እንሥራ እያልኩ አይደለም። በዘይት ግፊት የሚሠራ ስላይድ፣ የጋዝ መስመርና የ120 ቮልት መብራት ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዉ። ለባለሙያም ቢሆን ግን “ፊውዙ ይቆርጣል፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ፍሬኑ ድምፅ የለውም” ብላ የምትናገር ሴትና “አልሠራም አለኝ” የምትል ሴት አንድ ዋጋ አይጠየቁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ለጋሾቻችን ይህን ማወቅ ይገባችኋል። ማኅበሩ ያበደረው የሞተሩን፣ የዘንጎቹንና የመገናኛዎቹን ዋጋ ብቻ ነው። ጋራዡ ከጠየቀው ግማሽ እንኳ አልሞላም። እህታችን በየወሩ እየመለሰች ነው፤ የተረፈው ገንዘብም ለሌላ ተበዳሪ ሄዷል። ብልሽቱን ሳናውቅ አበድረን ቢሆን ኖሮ እሷ ድርብ ዕዳ ይኖርባት ነበር፤ ቀኑም ያልፍባት ነበር።

አገር ቤት ዕድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ነበረው። ማንም ለብቻው አይገዛውም፤ ለሁሉም ግን ይደርሳል። እዚህ ያለነው ሴቶች ደግሞ ድንኳን ብዙም አያስፈልገንም። መኪና አለን፣ ማሞቂያ አለን፣ አንዳንዶቻችንም ትሬለር አለን። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበሩ ቴስተር፣ መፍቻዎችና የሽቦ መገናኛ ያለበት አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይግዛ፤ እንደ ዕድሩ ድስት በፊርማ ይወሰድ። ሁለተኛ፣ የጥገና ብድር የምትጠይቅ አባል ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ሰው ሄዶ ያይላት። ሦስተኛ፣ በሁለት ወር አንድ ቅዳሜ የምታውቅ ለማታውቅ ታሳይ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔና ሁለቱ እህቶቼ እንወስዳለን፤ ባትሪና ፊውዝ እንዴት እንደሚለኩ እናሳያለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የሣጥኑ ጉዳይ ከሻይ በኋላ ለድምፅ ይቀርባል።