በማስታወቂያ የሚተዳደር ድረ ገጽ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያት ስላለው የኪራይ ቤት፣ ምግብ ቤትና አገልግሎት የሚያሳውቅ፣ ወጪውን በማስታወቂያ የሚሸፍን ድረ ገጽ ልትከፍቱ አስባችኋል እንበል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዲዛይነር ነው። እኔ ግን ሒሳቡ ይቅደም እላለሁ።

የድረ ገጽ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በ1,000 ዕይታ ነው። ለምሳሌ ለ1,000 ዕይታ 50 ብር ቢከፈላችሁ፣ በወር 100,000 ዕይታ የሚያስገባው 5,000 ብር ብቻ ነው። ይህ የአንድ ጸሐፊ ደመወዝ እንኳ አይሆንም። የጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት የሆነው አድሴንስም ብዙ አያስተማምንም፤ አማርኛ ለዓመታት ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውጭ ነበር።

የሚያዋጣው ለሰፈሩ ነጋዴ በቀጥታ መሸጥ ነው፤ ገርጂ ላለ የቤት ዕቃ መደብር፣ ሲኤምሲ ላለ ካፌ፣ በወር ቁርጥ ዋጋ። ገጹ ሳይሠራ እነዚህን ሰዎች ሱቃቸው ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሩ። የሚከፍል ካልተገኘ ዕቅዱን ለውጡ።

አንባቢውንም አትርሱት። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ሲከፍት ራሱን የሚያጫውት ቪዲዮ የኢንተርኔት ጥቅሉን ከበላበት ተመልሶ አይመጣም። ማስታወቂያው ቀላል ምስል ይሁን፤ ማስታወቂያ መሆኑም በግልጽ ይጻፍበት። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን አንብቡ።