ቁልፉ የማን ነው? በሥራ ኮምፒውተር ላይ ከማዕከል ስለሚጫኑ ሶፍትዌሮች

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ እንደ ወትሮው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ያቀርባል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ አንደግመውም። ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ያሉ አባሎቻችን በየወሩ ስለሚያነሱት ጉዳይ ነው። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ለሥራ የሚያስፈልገንን ሶፍትዌር ልንጭን ስንል የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አስገቡ ይለናል። ፓስወርዱ በእኛ እጅ የለም፤ ያለው አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ነው። ሪፖርቱ ሲዘገይ ግን የሚጠየቀው ፓስወርዱን የያዘው ሰው አይደለም፤ የምትጠየቀው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት።

ይህ የቢሮ ሰዎች ወሬ ነው ብላችሁ ነጠላችሁን የምታስተካክሉ እናቶች ትንሽ ታገሡን። የእናንተም ደብተር እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አንድ አጋር ድርጅት ለሦስቱ ከተሞች አንዳንድ ላፕቶፕ እንደሰጠን ታስታውሳላችሁ። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ ዛሬም እናመሰግናለን። የሚተዳደሩት ግን ከሰጪው ዋና ቢሮ ስለሆነ ፒችትሪን ልንጭንባቸው አልቻልንም። በመጋቢት ወር የሱሉልታው አሮጌ ዴስክቶፕ ሲበላሽ የሒሳቡ ባክአፕ በእጃችን ነበር፤ የሚከፍተው ማሽን ግን አልነበረም። የወተት ላም የምታረባ አንዲት አባላችን ብድሯን ከፍላ ጨርሳ የዕዳ ነፃ ደብዳቤ ለመውሰድ መጣች፤ አዲስ ብድር ወስዳ መኖ በርካሽ ልትገዛ ነበር። ከወረቀቱ መዝገብ በእጅ ደምረን፣ ከደረሰኝ ጋር አመሳክረን ደብዳቤውን እስክንሰጣት አሥራ አንድ ቀን ሄደ። በአሥራ አንድ ቀን የመኖ ዋጋ የት እንደሚደርስ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ለምን ይቆለፋል? የቁጠባ ሳጥናችንን አስቡ። ራስ አገዝ ቡድኖቻችን ሲጀመሩ የነበረችው የብረት ሳጥን ሦስት ቁልፍ ነበራት። ቁልፎቹን ሦስት ሴቶች ይይዙ ነበር፤ ሳጥኗ ደግሞ የምታድረው አራተኛዋ ቤት ነበር። እንዲህ ያደረግነው እርስ በርስ ባለመተማመን አልነበረም። አንዷ ሲቸግራት፣ ሰው ሲያስጨንቃት፣ ብቻዋን እንዳትፈተን ብለን ነው። በሒሳብ ሥራም ገንዘብ ያዧና ሒሳብ መዝጋቢዋ አንድ ሰው አይሆኑም። ኮምፒውተሩም በዚሁ መንገድ ተከፍሏል። ተጠቃሚው ይሠራበታል፣ አስተዳዳሪው ምን እንደሚጫንበት ይወስናል። አንዲት ሠራተኛ ሳታውቅ ቫይረስ ያለበት ፋይል ብትከፍት ቫይረሱ የእሷን ሥልጣን ያህል ብቻ ይኖረዋል። እሷ አስተዳዳሪ ከሆነች ግን ቤቱ ሁሉ የእሱ ነው። ስለዚህ መቆለፉን አንቃወምም። የምንቃወመው ቁልፍ ያዡ ሲጠፋ ነው።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። በማዕከል የሚተዳደር ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የራሱ ግምጃ ቤት አለው። ዊንዶውስ ባላቸው ማሽኖች ላይ በስታርት ሜኑ ውስጥ «ሶፍትዌር ሴንተር» ወይም «ካምፓኒ ፖርታል» የሚል ካለ እሱ ነው። መሥሪያ ቤቱ መርምሮ የፈቀዳቸው ፕሮግራሞች በዚያ ተደርድረዋል። ከዚያ መርጠን «ኢንስቶል» ስንል ፓስወርድ አንጠየቅም፤ የሚጭነው በእኛ ስም ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ በራሱ ሥልጣን ነውና። በንብረት አያያዝ ቋንቋ ብንናገር ግምጃ ቤቱ ዕቃውን በሞዴል 19 ተቀብሎ አስቀምጧል፤ እኛ በሞዴል 20 እንጠይቃለን፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆንልናል። ግምጃ ቤቱ ክፍት ሆኖ ሳለ ስንቶቻችን ነን በሩ ላይ ቆመን የዘበኛውን ቁልፍ ስንለምን የከረምነው?

ስናወርድ የምንጠነቀቅባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ኮምፒውተሩ ከመሥሪያ ቤቱ መረብ ጋር መገናኘት አለበት፤ ከቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ ቪፒኤን መክፈት ያስፈልጋል። ትልልቅ ፕሮግራሞች ሰዓት ስለሚፈጁ ምሳ ስንወጣ ሳንዘጋው፣ ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ እንተወው። መብራት ሊሄድ የሚችልበትን ሰዓት ደግሞ የየሰፈራችን ልምድ ይነግረናል። ከተጫነ በኋላ ሪስታርት ካለን ሪስታርት እናድርግ። ይህን ንቀን «ተበላሸ» ብለን አይሲቲ ክፍል የምንደውልበት ጊዜ ትንሽ አይደለም።

ስሙም ያሳስታል። ፒችትሪ ብላችሁ ፈልጋችሁ ልታጡት ትችላላችሁ። ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ምርቱን ከያዘው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙን ሴጅ 50 ብሎታል። አገራችን ግን በአሮጌው ስሙ ጸንታለች፤ የሥራ ማስታወቂያውም እስካሁን የሚለው ፒችትሪ ነው። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ በሁለቱም ስም ፈልጉ። ሥሪቱንም አትርሱ። የኩባንያው የሒሳብ ፋይል አንዴ በአዲሱ ሥሪት ተከፍቶ ከተቀየረ አሮጌው ሥሪት መልሶ አይከፍተውም። በአንድ ቢሮ አንዱ ማሽን የ2010፣ ሌላው የ2014 ሥሪት ቢኖረው ጠዋት የሠራችውን ከሰዓት በኋላ ባልደረባዋ መክፈት ያቅታታል። ከማዕከል የመጫን ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ሥሪት ያገኛል።

ሌላው የፊደል ነገር ነው። የሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሦስቱም ከተሞቻችን በሥሩ ከተጠቃለሉ ወዲህም የቢሮ ሥራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ በቁቤ የሚጽፉ ባልደረቦቻችን ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ እንቀናባቸዋለን። ለአዲስ አበባ በአማርኛ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን አንዳንዴ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ደብዳቤው በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት መጻፉ ነው፤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ፊደሉ አይታይም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ በዩኒኮድ የተጻፈ ደብዳቤ በየትኛውም አዲስ ኮምፒውተር ይነበባል። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቶ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው፤ ስሙም «ኢትዮፒክ ሳፕልመንታል ፎንትስ» በሚለው ሥር ተሸፍኗል። አይሲቲ ክፍሉን «የአማርኛ ፊደል ጫኑልን» ከማለት ይህንኑ ስም ጠርታችሁ ብትጠይቁ ፈጥነው ይረዷችኋል። ፊደሉን ለማንበብ ብቻ ከሆነ ኤብሪማ የሚባለው ፎንት ማሽናችሁ ላይ አስቀድሞ ይኖራል።

በመንግሥት ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ አባሎቻችን ስለ አይቤክስና ስለ ኢፍሚስ ጠይቃችኋል። እነዚህ ከግምጃ ቤት መርጣችሁ የምታወርዷቸው አይደሉም። የመዝገቡ መብት በሥራ መደባችሁ ልክ ከላይ ይሰጣል፤ መጠየቅ ያለባችሁም በኃላፊያችሁ በኩል በጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ እንምጣ። ቁልፍ ያዡ አልገኝ ሲል «እኔ ጋር አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። በፍላሽ የተሰበረ ፒችትሪ ያመጣል፤ ወይም የአንድ አለቃ ፓስወርድ በሹክሹክታ ይሰጠናል። ሁለቱንም አትቀበሉ። የተሰበረ ፕሮግራም የሚሠራው ጥበቃውን በማጥፋት ነው፤ ብዙ ጊዜም «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ዝጉ» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። ሌባ ውሻውን እሰሩልኝ ሲል የምታስሩ ከሆነ እሱ የእናንተ ፈንታ ነው። ሕጉም አለ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ያልተፈቀደ መግባትን ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይከለክላል። ፓስወርዱን የሰጣችሁ ሰው በኋላ «አልሰጠሁም» ቢል ማሽኑ ላይ የምትገኘው የእናንተ እጅ ናት።

ከማዕከል የመጣ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለታችን ደግሞ አይደለም፤ ለሒሳብ ሰዎች ይህ በደንብ ሊታወቅ ይገባል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ዩክሬን ውስጥ ኤም.ኢ.ዶክ የሚባል የግብርና የሒሳብ ሶፍትዌር ነበር፤ ድርጅቶች ግብራቸውን የሚያሳውቁበት። አጥቂዎች የሶፍትዌሩን ማሻሻያ የሚያከፋፍለውን ሰርቨር ሰብረው ገቡ፤ ኖትፔትያ የተባለውም አጥፊ ፕሮግራም እንደ ተራ ማሻሻያ ሆኖ በየቢሮው ደረሰ። ሜርስክ የተባለው ታላቁ የዴንማርክ የመርከብ ድርጅት በዓለም ዙሪያ ሥራው ቆመ፤ ኮምፒውተሮቹን በአሥር ሺዎች እየቆጠረ እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። የመረቡን የተጠቃሚዎች መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች በሙሉ ሲጠፉ አንድ ብቻ ተረፈ፤ እሱም ጋና ነበር። የተረፈበት ምክንያት ጥቃቱ በደረሰበት ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። መብራት ኃይልን ስናማ ይህችን አንርሳ!

ሜርስክን ያዳነው ከመረቡ ተለይቶ የቆየ ቅጂ ነው። እኛም በየወሩ መጨረሻ ባክአፑን በውጭ ዲስክ ገልብጠን ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅለን እናስቀምጣለን። የት መሰላችሁ? በዚያችው ባለሦስት ቁልፍ ሳጥን። ብዙዎቻችሁ አሮጌ ሳጥን ምን ያደርግላችኋል ስትሉን ነበር፤ አሁን የሰበታዋ ሳጥን ሥራ አላት። በዲስኩ ላይ የአባላት ስም፣ ስልክና የዕዳ መጠን አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ መረጃ ጠረጴዛ ላይ የሚጣል አይደለም።

መረቡ የሌለበትንም ቀን ማሰብ አለብን። በ2012 ዓ.ም. የሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር። ሳምንታት ሳይመለስ ቆየ። ሶፍትዌሩን አስቀድሞ ማሽኑ ላይ ያስጫነ ሒሳቡን ዘጋ፤ «ሲያስፈልግ አወርደዋለሁ» ያለ ጠበቀ። ስለዚህ ለሰኔ 30 የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ በግንቦት ጫኑት፣ ከፍታችሁም ሞክሩት።

የምትፈልጉት በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጥያቄ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ እህቶቻችን ትፈራላችሁ፤ «እንግሊዝኛዬ ይሳቅበታል» ትላላችሁ። የሚፈለገው የቋንቋ ውበት አይደለም። የኮምፒውተሩ ስም፣ የፕሮግራሙ ሙሉ ስምና ሥሪት፣ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ፣ ሥራው የሚደርስበት ቀን፣ የፈቀደው ኃላፊ ስም፣ አበቃ። «ፒሲዬ አይሠራም» ተብሎ የተላከ ጥያቄ ሰንበት ብሎ «ምን ማለትሽ ነው?» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ያ ሁሉ ቀን ከእናንተ ነው የሚቆረጠው። በስልክ ብትናገሩም ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ሪፖርቱ ለምን ዘገየ ስትባሉ የምታሳዩት ወረቀት ይኖራችኋል።

ለአጋሮቻችን ደግሞ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፤ በአክብሮት ነው። ኮምፒውተር ከመስጠታችሁ በፊት በምን እንደምንሠራ ጠይቁን፤ የሒሳብ ፕሮግራማችንና የፊደላችን ፎንት በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ይምጣ። ሁለተኛ፣ በእኛ የሥራ ሰዓት የሚገኝ፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚያናግረን ቁልፍ ያዥ አዲስ አበባ ውስጥ ይኑር፤ ጥያቄያችን የሌላ አገር ቅዳሜና እሑድ፣ ከዚያም የእኛ በዓል እየመጣበት እንዳይከርም። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብደናል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ላፕቶፑን በደብዳቤ ታስረክቡናላችሁ፤ እኛም በሞዴል 19 ገቢ እናደርገዋለን። ማሽኑ ግን ከማዕከላችሁ መዝገብ ካልተፈታ አሁንም የሚታዘዘው ለእናንተ ነው። አንድ ቀን እዚያ ያለ ሠራተኛ አሮጌ ማሽኖችን ከዝርዝሩ ላጥራ ብሎ ትእዛዝ ቢሰጥ፣ የቡራዩ አባላት ሒሳብ ያለበት ዲስክ ከሩቅ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከርክክቡ ደብዳቤ ጋር «ይህ ኮምፒውተር ከእኛ አስተዳደር ወጥቷል» የሚል መስመር፣ ድርጊቱም አብሮ እንዲፈጸም እንፈልጋለን። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ማሻሻያው ስለቆመ፣ አሮጌ ማሽን ልትሰጡን ስታስቡ ይህንንም አብራችሁ እዩልን።

የሱሉልታው ላፕቶፕ ጥያቄ እንዲህ ተጽፎ ተልኮ ፒችትሪው ተጭኗል። የቡራዩው ተፈቅዷል፣ ገና አልወረደም። የሰበታውን መልስ እየጠበቅን ነው። የጥያቄው ቅጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ፣ የእንግሊዝኛ ናሙና ተያይዞበት በሦስቱም ቅርንጫፍ ጸሐፊዎች እጅ ይገኛል። ከቡራዩ የመጣችሁ ከስብሰባው በኋላ አንዳንድ ውሰዱ፤ የእናንተ ማተሚያ ቀለም አልቋል ተብለናል።