ሌይላ ሙራድና የሃምሳ ሺህ ፓውንዱ ወሬ

(አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ የሙዚቃ አፍቃሪዎች ያሰማሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)

ስለ ዘፈን እንድናገር ጋብዛችሁኝ ስለ ወሬ ባወራ አትቀየሙኝ። እኔና ሌይላ ሙራድ የምንገናኘው እዚያ ላይ ነው።

ድምጿን መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው። ሰፈራችን ሱቅ የነበራቸው አንድ ሐጂ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ካሴት ይከፍታሉ። ዐረብኛ አልችልም፤ ዛሬም ከሰላምታ አላልፍም። ግን ስኳር ልገዛ ተልኬ ሳንቲሙን እንደጨበጥሁ እዚያው ቆሜ እቀር ነበር። "ማን ናት?" ብላቸው "የምስር ልጅ ናት፣ ፊልምም ትሠራ ነበር" አሉኝ። ቤት ስገባ ስለ ዘገየሁ የጠበቀኝን ቁጣ አልነግራችሁም!

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። ሌይላ በ1918 ግብፅ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ዛኪ ሙራድ የታወቀ ዘፋኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ግብፅ ውስጥ ሙዚቃና ፊልም የሚሠራው ሙስሊሙም፣ ቅብጡም፣ አይሁዱም፣ ከውጭ የመጣውም አንድ ላይ ሆኖ ነው። በ1938 ታላቁ ሙሐመድ አብዱልወሃብ "ያህያ ኤል ሁብ" በተባለው ፊልም ከጎኑ አሰለፋት። ገና ሃያ ዓመቷ ነው። ከዚያ ቶጎ ሚዝራሂ የተባለው ዳይሬክተር ተቀበላትና አምስት ፊልም ሠራላት። የፊልሞቹን ርዕስ እዩልኝ፦ "ሌይላ የገጠር ልጅ"፣ "ሌይላ በጨለማ"፣ የ1942ቱ ደግሞ በደፈናው "ሌይላ"። ስሟ ብቻውን ትኬት ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

ዘፈኗን ከኡም ኩልሱም ጋር የሚያወዳድሩ አሉ። እኔ ነገሩ አይገባኝም። ኡም ኩልሱም መድረክ ላይ አንዱን ዘፈን ሰዓት ሙሉ ታስኬደዋለች። ሌይላ ግን የፊልም ዘፋኝ ናት፤ ያላት ጥቂት ደቂቃ ነው። አትጮህም፣ አታስጨንቅም። ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሎ እያለ አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው የምታወራ ነው የሚመስለው።

ከፊልሞቿ አንዱን ብቻ የማየት ዕድል ያለው ሰው የ1949ኙን "ገዘል ኤል በናት" ይይ። የሠራው አንዋር ዋግዲ ነው፤ በ1945 ያገባት ባሏ። ነጊብ ኤል ሪሃኒ ድሃ የዐረብኛ አስተማሪ ሆኖ የፓሻውን ልጅ ያስጠናል፤ ልጅቷ ሌይላ ናት። ሽማግሌው በተማሪው ፍቅር ይወድቅና እንደማይሆንለት ያውቀዋል። መጨረሻ ላይ አብዱልወሃብ ከነኦርኬስትራው ሲዘፍን ሪሃኒ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ እንባው ይወርዳል። ሳቅ ፈጣሪው ሰውዬ ነው እኮ የሚያለቅሰው! ሪሃኒ ፊልሙ ሳይታይ በዚያው ዓመት ሞተ። እኔ ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ ሦስቴም ያው ነው፣ መሐረቤን ፈልጌያለሁ።

እንግዲህ ወደ ወሬው። ሌይላ አንዋርን ካገባች በኋላ ሰልማለች። በሐምሌ 1952 መኮንኖቹ ንጉሥ ፋሩቅን አወረዱ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም ላይ፣ ጉድ ፈላ። "ሌይላ ሙራድ እስራኤል ሄዳ ሃምሳ ሺህ ፓውንድ ሰጥታ መጣች" ተባለ። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ሶሪያ ሥራዎቿን አገደች። ማን አየ? የትኛው ባንክ ላከ? ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባል የለ? መላ የሚጨምር ጠፋ። እሷ አልሄድኩም፣ አልሰጠሁም፣ ግብፃዊት ሙስሊም ነኝ ብላ ካደች። የግብፅ ባለሥልጣናት መርምረው ምንም እንዳላገኙባት አስታወቁ። ወሬውን የነዛው ከእሷ ጋር የተጣላው አንዋር ነው የሚሉ ነበሩ፤ ይህም ራሱ ሌላ ወሬ ነው፤ ማስረጃ አልቀረበበትም።

በዚያው በ1952 ወጣቱ ዩሱፍ ሻሂን "የባቡሯ እመቤት" የሚል ፊልም ሠርቶላታል። ታሪኩ በባቡር አደጋ ሞተች የተባለች ዘፋኝ በሕይወት እያለች ተደብቃ እንድትኖር ስለመደረጓ ነው። አጋጣሚ ነው፤ ትንቢት አላደርገውም።

በ1955 የመጨረሻ ፊልሟን ሠርታ ከሲኒማው ወጣች። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። በኅዳር 1995 እስክትሞት ድረስ አርባ ዓመት ለካሜራ አልተመለሰችም። "ወሬው ገደላት" ብዬ ብጽፍ ርዕሱ ያምራል፣ ጋዜጣውም ይሸጣል። ግን ትዳርም ልጆችም ነበሩ፤ ሲኒማውም ወደ አዳዲስ ፊቶች እየዞረ ነበር። ወሬው ስንቱን እንደወሰደ የምታውቀው እሷ ናት።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ለምን መሰላችሁ? ከዓመታት በፊት እኔም ስለ አንዲት ዘፋኝ ጽፌያለሁ። ስሟን አልጠራም። ከአንድ ባለሥልጣን ገንዘብ ተቀብላ ዘፈነች ብዬ፣ ቡና ቤት የሰማሁትን "የውስጥ አዋቂ ምንጮች" አልኩና ጻፍኩት። ለካስ ዘፈነች በተባለበት ቀን አገር ውስጥም አልነበረችም! ጽሑፌ የወጣው ፊት ገጽ ላይ ነበር፤ ማስተካከያው አምስት መስመር ሆኖ ከማስታወቂያ ሥር ተቀበረ። በኋላ አንድ ሠርግ ላይ ተገናኘን። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችኝም። "እናቴ ማስተካከያውን አላየችውም" አለችኝና አልፋ ሄደች።

ሐጂን ባለፈው ዓመት አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል። ያ ካሴት ምን እንደነበረ ጠየቅኋቸው። "ያ ራይሂን ሊን ነቢ ኤል ጋሊ" አሉኝ። ወደ ነቢዩ አገር የሚሄዱትን ሐጃጆች የምትሸኝበት ዘፈን ነው፤ ሪያድ ኤል ሱንባጢ ነው ያቀናበረላት። በ1953 ፊልም ላይ ዘፈነችው፤ ያ ሁሉ ወሬ ከተነዛባት በኋላ ማለት ነው። ዛሬም የሐጅ ወቅት ሲደርስ ይሰማል። ሐጂ የሃምሳ ሺህ ፓውንዱን ነገር ሰምተውት አያውቁም። ስነግራቸው "እሷ?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ካሴቱን ሰጥተውኛል፤ ይኸው። ትንሽ ያንሿሿል፣ ታገሡት። ወንድሜ፣ እስቲ ቴፑን ክፈተው።