አሮጌው ራውተር ስለሚለወጥበት ምክንያት



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው በየሳሎኑ ከቴሌቪዥን አጠገብ አቧራ ለብሳ ስለምትቀመጠው ትንሽ ሣጥን፥ ስለ ራውተር ነው። ብዙ ወላጆች «መብራቷ እስከ በራ ድረስ ምን ጐደላት?» ይላሉ። መብራቷ ግን ኢንተርኔት መኖሩን እንጂ በሩ መዘጋቱን አይናገርም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በብዙ አገር የሚገኙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። ዘዴው ረቂቅ አልነበረም፤ ከፋብሪካ የመጡትን 60 ያህል የመግቢያ ስሞችና የምስጢር ቃሎች እየደጋገመ መሞከር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የተማረኩት መሣሪያዎች ባንድነት ዘምተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት አወኩ። ካሜራው ግን በባለቤቱ ቤት እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር!

ዛሬ ቴሌቪዥኑም፥ የበር ካሜራውም፥ አምፖሉም ሳይቀር ከዚያች ሣጥን ጋር ይያያዛል። ሠሪው እድሳት መላክ ያቆመበት ራውተር ደግሞ አዲስ የተገኘ ቀዳዳ አይደፈንለትም። ስለዚህ አዲስ ሲገዛ በ2018 የወጣውን ደብልዩ ፒ ኤ 3 የተባለውን የመቆለፊያ ሥርዓት የሚያውቅ ይሁን። በደብልዩ ኢ ፒ ብቻ የሚሠራ ካለማ፥ የዚህ ቁልፍ ደካማነት በ2001 ስለ ታወቀ ዛሬውኑ ይነሣ። ካሜራና ቴሌቪዥን ለእንግዳ በተለየው መሥመር ይግቡ፤ አባባ የባንክ ሒሳብ የሚያዩበት ስልክ በዋናው ይቅር።

ዕቃው ርካሽ እንዳልሆነ እናውቃለን። ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ ከፋብሪካ የመጣውን የምስጢር ቃል መለወጥ ግን ምንም አያስወጣም። ይህን ዛሬ ማታ በየቤታችን ልናደርግ ተስማምተናል፤ አሠራሩ ያልገባችሁ ከስብሰባው በኋላ በፊዚክስ ላቦራቶሪው በር ጠብቁን።