እንቅልፍና እንቅስቃሴ ለጤናችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ጤና ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በመዝገብ ቤት ወረቀት ሳገላብጥ ኖሬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም ባለሙያዎቹ የሚሉትን በሰፈራችን ከማየው ጋር አስተያይቼ ጥቂት ልበል። ዕድር ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ቀብር ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሬሳ እንሸኛለን። ሰው በቁሙ ሳለ ግን «እንዴት አደርክ» የምንለው ለሰላምታ ያህል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል።

በመጀመሪያ ስለ እንቅስቃሴ። ከስማዳ ቆላ ሸክሙን ይዞ ለገበያ ዳገት የሚወጣውን፣ በጉና ግርጌ ከበሬ ጋር የሚውለውን ገበሬ፣ በእስቴ ገጠር ከምንጭ ውኃ የምትቀዳውን እናት ስፖርት ሥሩ ብንላቸው ይስቁብናል፤ ልክም ናቸው። ችግሩ ያለው እኛ ከተሜዎቹ ዘንድ ነው። ነጋዴው ከባንኮኒው ኋላ፣ ሠራተኛው ከወንበሩ፣ እኔን መሰሉ ጡረተኛ ደግሞ ከደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ድሮ በእግራችን የምንደርስባት ቅርብ ቦታ እንኳ ዛሬ ባጃጅ ይጠራላታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ ይላል። ሒሳቡ ሲሠራ ቢያንስ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ጓሮ መቆፈር፣ እንጨት መፍለጥ ሁሉም ይቆጠራል። 65 ዓመት ለሞላን ሰዎች ደግሞ እግርን የሚያጠናና ሚዛንን የሚጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ያስፈልገናል፤ ሽማግሌን ከአልጋ ከሚያውሉት ነገሮች አንዱ መውደቅ ነውና።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ዐዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ዘወትር ከዚያ በታች የሚተኛ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል። የእንቅልፍ ሌቦች ደግሞ የታወቁ ናቸው። ማታ የተጠጣ ቡና ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህል ኃይሉ ከደም ውስጥ አይወጣም፤ ሦስተኛውን ስኒ ወደ ቀን ማምጣት ይበጃል። አረቄም ያስተኛል እንጂ አያሳርፍም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሶ ያስቀምጣል። ስልኩንም ወጣቶቹ ብቻ አይደሉም አልጋ ውስጥ ይዘውት የሚገቡት። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚባንን ሰው ካለ ባለቤቱ ትንገረው፤ ይህ በሽታ ነውና ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ከሰል ነው። የጋይንት ብርድ ይታወቃል፤ ንፋስ መውጫ ስሟም ይናገራል። ብርዱን ፈርተን የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተን፣ በርና መስኮት ዘግተን እንተኛለን። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። የጠፋ የመሰለ ፍምም አይታመንም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ፤ ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደረብ።

ለዕድራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው የአባቶች ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ለቅሶ ቤት ማደሩ በተራ ይሁን። ግፊትና ስኳር ያለባቸው ቀን ተቀምጠው ማታ ቤታቸው ይግቡ። ሐዘንተኛውም እንቅልፍ ያስፈልገዋልና ከመሸ በኋላ ድምፅ ዝቅ ይበል። ሁለተኛ፣ ለወርሃዊው መዋጮ መራመድ የምንችል ሁሉ በእግራችን እንምጣ። ሦስተኛ፣ ጥሩምባ ነፊያችን ለቀብር እንደሚጠራን ሁሉ ክረምት ሲገባ ስለ ከሰሉ በየደጁ ይለፍፍልን።

የአንድ ሰው ነፍስ እንኳ ብታተርፍ ጥሩምባዋ ዋጋዋን አወጣች ማለት ነው። ኮሚቴው እንዲነጋገርበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።