ለዚህኛውም ክረምት ስንቅ እንያዝ

(በሲያትል፣ በማኅበራችን የጥቅምት ወር የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የዚህ አገር ክረምት ነው። አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ “ስለ ዝናብ ደግሞ ምን ይወራል?” ሳትሉ አትቀሩም። እውነት አላችሁ። የሐምሌን ዶፍ፣ የነሐሴን ጭቃ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረውን እስከማያሰማ ድረስ ያለውን ሁካታ አሳልፈን የመጣን ሰዎች ነን። ዝናብ ብርቃችን አይደለም።

እንዲያውም ቁጥሩን ብታዩት ይገርማችኋል። ሲያትል ስሟ በዝናብ የወጣ ከተማ ናት፤ ነገር ግን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ የበለጠ ታገኛለች። ታዲያ ያን ሁሉ ዶፍ የቻልን ሴቶች በዚህ በካፊያ ለምን እንዝላለን? ለምንስ ጥር ሲደርስ ከስብሰባችን ግማሽ ያህሉ ወንበር ባዶ ይሆናል?

ችግሩ ዝናቡ አይደለም፤ የብርሃኑ ማነስ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ መጥቶ፣ ዘንቦ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ቢያወርደውም፣ ጠዋት ፀሐይ ብቅ ብላ ልብስ የምናሰጣበት ጊዜ አይጠፋም። ቀኑም አያጥርም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ትቆያለች። ሲያትል ግን ወደ ሰሜን በጣም የራቀች ናት። ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ እዚህ ቀኑ 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በደመና ተሸፍኖ ነው የሚያልፈው።

በራሳችን ሰዓት ብንቆጥረው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር የተስማማ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት፣ ስትጠልቅም 12 ሰዓት። እዚህ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ገደማ። በአገራችን የመክሰስ ቡና በሚፈላበት ሰዓት እዚህ ይጨልማል። ልጆቻችንን በጨለማ ቀስቅሰን እንልካለን፤ ከሥራ የምንመለሰውም በጨለማ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ለእኛ በጋ ናቸው። ኅዳር እህል የሚሰበሰብበት፣ ጥር ሰርግ የሚደገስበት ነው። ገና ሲመጣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ደጁ በሰው ሞልቶ ነው የምናውቀው። ሰውነታችን በእነዚህ ወራት ፀሐይንም ዘመድንም የለመደ ነው። እዚህ ግን ሁለቱም በሚያስፈልጉን ጊዜ ሁለቱም አብረው ይጎድላሉ።

ይህ ነገር በሕክምናም የታወቀ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠሩ፣ በየዓመቱ በመከር መጨረሻ ጀምሮ በጸደይ የሚለቅ ድባቴ እንዳለ ጽፈው ስም አወጡለት። በአማርኛ ወቅታዊ ድባቴ ልንለው እንችላለን። በዓይናችን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ለአእምሯችን “ነግቷል፣ ተነሺ” የሚል መልእክት ነው። መልእክቱ ሲዘገይ ወይም ሲደክም የእንቅልፋችንና የስሜታችን ሥርዓት ይዛባል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ብዙ ተኝቶ ደክሞ መነሣት፣ ዳቦና ጣፋጭ አብዝቶ መመኘት፣ ክብደት መጨመር፣ የሚወዱትን ነገር መጥላት፣ ከሰው መሸሽ። በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ሁላችንም እንታመማለን ማለቴ አይደለም። ብዙዎቻችን የሚሰማን ድብርት ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጥቂቶቻችን ላይ ግን ይጠናል። ለይተን ማወቅ የማንችለው ደግሞ ስለማንናገረው ነው።

ለምን አንናገርም? አገር ቤት ደውለን “ከፍቶኛል” ብንል የሚጠብቀን መልስ ስለሚታወቅ ነው። “ምን ጎደለሽ? አሜሪካ ሆነሽ! ተመስገን በይ እንጂ።” ይህን የሚሉን ስለሚጠሉን አይደለም፤ የሚያዩት የምንልከውን ገንዘብና ፎቶ ነው። በፎቶው ላይ ጨለማው አይታይም። እዚህ ደግሞ የተኛች ሴት ሰነፍ ትባላለች፣ ስልክ የማታነሣ ሴት ኮራች ትባላለች። ስለዚህ ሴትየዋ ዝም ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በዚህ ከተማ በሽታውን የሚደብቀው ደመናው ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታችንም አብሮ ይደብቀዋል።

እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት በኅዳር ወር ነው። ያገኘሁት ሥራ አረጋውያንን በሌሊት መንከባከብ ነበር። ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ፤ ቀን መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ፤ ስነቃ መሽቷል። ቀናት እየቆጠርኩ ፀሐይ ያላየሁበት ጊዜ ነበር። እንድንከባከባቸው ከተሰጡኝ መካከል ወላጆቻቸው ከኖርዌይ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አንድ ሌሊት ፊቴን አይተው፣ “ጠዋት ቤትሽ ስትገቢ ወንበርሽ ወዴት ዞሮ ነው የሚጠብቅሽ?” አሉኝ። ወደ ቴሌቪዥኑ ነው አልኳቸው። “ወደ መስኮቱ አዙሪው” አሉኝ። የእሳቸው ሰዎች ከእኛ ይልቅ ጨለማን ያውቁታል፤ ስለዚህ ክረምትን በወንበር አቀማመጥ ጭምር ነው የሚያስቡት።

ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። የእኛም እናቶች እንዲሁ ነበሩ። ሰኔ ሳይገባ በርበሬው ተሰጥቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈጭቶ ያልቃል፤ ሽሮው ይዘጋጃል፤ እንጨቱ ከዝናብ ይጠለላል፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ይጠገናል። ክረምት ከገባ በኋላ በርበሬ ላስጣ የምትል ሴት አልነበረችም። እዚህ ስንመጣ ግን ይህን ሙያ ትተነዋል። ለዚህኛው ክረምት ምንም ሳንሰንቅ እንገባና ጥር ላይ “ምን ሆንኩ?” እንላለን። ታኅሣሥ ላይ ጉልበት አይኖረንም፤ ጉልበት ያለን አሁን ነው። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ስንቅ አሁኑኑ እንያዝ።

የመጀመሪያው ስንቅ ብርሃን ነው። ደጁ ጨፍጋጋ ስለሆነ መውጣት ምን ይጠቅማል አትበሉ። በደመና ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ቤት ውስጥ ካለው አምፖል ብርሃን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በነጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ መድኃኒት ነው። ሲዋርድ ፓርክ አለ፣ ግሪን ሌክ አለ፤ ሁለቱም ዙሪያቸው የተነጠፈ መንገድ ነው፣ ጭቃ የለውም። የሚያስፈልገው ጥሩ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ነው። የአገሩን ሰዎች ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ዣንጥላ እንኳ አይዙም። ካፊያው እስኪያባራ ከጠበቅን መጋቢት ይደርሳል።

መውጣት የማትችል ሴት ለዚሁ የተሠራ የብርሃን መብራት አለላት። የሚፈለገው 10000 ላክስ የሚሰጥና ጎጂውን ጨረር ያጣራ መሆኑ ነው። ጠዋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፊት ለፊት ሳይሆን በትንሹ ገለል አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ አይፈጠጥበትም። ከአቦል እስከ ቶና ያለው ጊዜ ይበቃል። የዓይን ሕመም ያለባት፣ ወይም ስሜቷ አንዴ በጣም ከፍ አንዴ በጣም ዝቅ የሚል ሕመም ያለባት ሴት ግን ሐኪም ሳታማክር አትጀምር።

ሁለተኛው ስንቅ ለሰውነት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የዚህ አገር ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም ማለት ይቻላል። የጠቆረ ቆዳ ደግሞ በበጋም ቢሆን ከነጣው ይልቅ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ከምግብ የሚገኘው በአብዛኛው ከሳልመን ዓሣ፣ ከእንቁላልና ከተጨመረበት ወተት ነው። የምትጾሙ እህቶች እነዚህ በጾም ወራት ከገበታችሁ እንደሚጠፉ አስቡበት። ለአዋቂ በቀን 600፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነች 800 አይ ዩ ይመከራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4000 በላይ አይወሰድም፤ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማልና። በዚህ ወር ሐኪማችሁ ጋ ስትሄዱ የደም ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ስንቅ ሰው ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የማደርገው ይህን ነው። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። እዚህ ላይ ቡናችንን ላነሣ እፈልጋለሁ። ቡና የምንጠራራው ከሥራ በኋላ፣ ከጨለመ ነው። ቡናውም እንቅልፍ ይነሣናል፤ ብርሃኑም ያመልጠናል። ከአሁን በኋላ የክረምቱ ቡና በቀን ይሁን፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ረከቦቱ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ። ቡናው ሲቆላ መስኮቱን ከፈት አድርጉት፤ አለበለዚያ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠጡ ብሎ ይጠራል።

በተለይ የማስባቸው ሁለት ዓይነት ሴቶች አሉ። አንደኞቹ ሌሊት የሚሠሩ ናቸው። ጠዋት ከሥራ ስትወጡ የምታዩት ብርሃን የቀናችሁ ብርሃን ሊሆን ስለሚችል፣ የምትነቁበትን ሰዓት ፀሐይ ሳትጠልቅ አድርጉት፤ በእረፍት ቀናችሁ ደግሞ ጠዋቱን አትተኙበት። ሁለተኞቹ የልጅ ልጅ ለመጠበቅ የመጡ እናቶቻችን ናቸው። አገራቸው ላይ ደጃቸው ከሰው የማይለይ፣ እድር የሚመሩ ሴቶች ነበሩ። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ መኪና ሳይኖራቸው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ቴሌቪዥን ይዘው ይውላሉ። ልጃቸው እንዳትጨነቅ “ደኅና ነኝ” ይላሉ። አፋቸውን ሳይሆን ምግባቸውንና እንቅልፋቸውን እዩ። ቀላል ባቡሩ ላይ አንድ ጊዜ አብራችኋቸው ተሳፈሩ፤ ሁለተኛውን ራሳቸው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ግን ይለይልን። አንዲት ሴት ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ደስ ካላላት፣ ልጆቿን መያዝ ካቃታት፣ ወይም “ባልኖር ይሻል ነበር” ካለች፣ ቡና አይበቃም። ጸሎቱንም ዱዓውንም ጸበሉንም አትተዉ፤ ሐኪሙንም አትዝለሉት። በሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ፤ የእናቱን ሐዘን ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ነገሩ አስቸኳይ ሲሆን 988 ይደወላል፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

ከማኅበራችን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንደ ዕቁብ በዙር ከአባል ወደ አባል የሚተላለፉ ጥቂት የብርሃን መብራቶች እንግዛ። ደጋፊዎቻችን፣ የአንዱ ዋጋ ከአንድ ጥሩ የክረምት ጫማ ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ክረምት ግን ብዙ ቤት ይዞራል። ሁለተኛ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት በየቅዳሜው የቀን ቡና ተራ እናውጣ፤ መኪና ያላት ለሌላት ትድረስላት። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን ሁለት ስም እንያዝ። ሁለት ስብሰባ የቀረች እህት ስትኖር ስለ መዋጮ ሳይሆን ስለ ራሷ ይደወልላት። ስልክ ካላነሣች በሯ ይንኳኳ።

ይህ ጨለማ ቀጠሮ አለው። ከታኅሣሥ 12 በኋላ ቀኑ መርዘም ይጀምራል፤ ጥምቀት ሲደርስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጨምሯል፤ መጋቢት 11 ገደማ ቀንና ሌሊት ይተካከላሉ። ሰኔ ላይ ፀሐይ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፋ ስትጠልቅ፣ ልጆቹን አልተኛም አሉ ብለን እናማርራለን። እስከዚያ ድረስ ማንም ብቻዋን እንዳትሻገረው ነው።

የቡናው ተራ መመዝገቢያ ወረቀት ከኋላ ጀምሮ ይዞራል። የኅዳርን የመጀመሪያ ቅዳሜ እኔ ወስጃለሁ፤ ሌሎቹ ቅዳሜዎች ክፍት ናቸው።